ጋራዥ ስደርስ የሚጠፋው ብልሽት

ከአባቴ የተረከብኩት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራ 1300 ሲሆን፣ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ለአራት ወራት ያህል በየጠዋቱ ከአራቱ ሲሊንደሮች (ነዳጁ ከሚነድባቸው ክፍሎች) በሦስቱ ብቻ እየሠራ ሲያስቸግረኝ ቆይቷል። ሞተሪኖው ወዲያው ያስነሣዋል፤ ነገር ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) መቆም ያቅተዋል፣ ከጭስ ማውጫው የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማል፣ የመስኮቱ መስተዋት ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሰባትና ስምንት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ግን ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ነው፤ የምሄድበት ጋራዥ ደግሞ ከታች መሐል ከተማ ስለሚገኝ፣ እዚያ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ፣ ብልሽቱም ጠፍቶ ይጠብቀኛል። መካኒኩ በዕድሜ የገፉና በቮልስ ላይ ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርገው አዳመጡና «ልጄ፣ ይኼ ምንም የለበትም፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ አሙቀው» አሉኝ። የሰሙትን ነበር የተናገሩት።

እኔ ግን በነገሩ ስላላመንኩበት ዕቃ መለወጥ ጀመርኩ። ሶማሌ ተራ እየተመላለስኩ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ ከዚያም ቦቢናና የካንዴላ ካቦዎችን ገዛሁ፤ ሁሉም ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው። ጠዋት ላይ ብቻ የሚታይ ብልሽት የቾክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነዳጅ የሚያበዛለት ክፍል) ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ስለነበረኝ ካርቡራቶሩንም አስፈትቼ አሳጠብኩ፤ የኤሌክትሪክ ቾኩንም አስለወጥኩ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መኪናውን ነድቼ ወደ ቤት ስመለስ ሞተሩ የሞቀ በመሆኑ «ዳነ» እያልኩ እደሰታለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ያው ነው። እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ግምት እንጂ ምርመራ አልነበሩም፤ ገንዘቡም የሄደው በግምት ነው።

በመጨረሻ የጨመቃ ግፊት መለኪያ (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት የሚለካ) ከጓደኛዬ ተውሼ፣ መኪናውን ሌሊቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ አሳድሬ፣ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ አስነሣሁትና፣ ደረቅ የጎማ ጓንት አድርጌ፣ መያዣው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ የካንዴላ ካቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ መለስኩ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲነቀሉ የሞተሩ ዙር ይበልጥ እየወደቀ ሊጠፋ ደረሰ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ማለትም ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። ጥርጣሬው ከጠቅላላው ሞተር ወደ አንድ ሲሊንደር ጠበበ፤ ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ አምስት ደቂቃ ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ግን አንድም ቀን አላደረግኩትም።

ከዚያ የሦስተኛውን ካቦ ከትርፍ ካንዴላ ጋር አገናኝቼ የካንዴላውን ብረት ሞተሩ ላይ አስነካሁት፤ ጠንካራ ሰማያዊ እሳት ሰጠ። የሦስተኛውንና የአንደኛውን ካንዴላ አቀያየርኩ፤ ብልሽቱ ከካንዴላው ጋር ሳይሄድ ሦስተኛው ላይ ቀረ። ስለዚህ እሳቱ ጥፋተኛ አይደለም። ነዳጁን በተመለከተ ደግሞ የዚህ ሞተር አሠራር ራሱ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት በነበሩት 1300 ሞተሮች ላይ እያንዳንዱ ቴስታታ (በሲሊንደሮቹ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የሞተር ጭንቅላት) ያለው አንድ የነዳጅ መግቢያ ብቻ ነው፤ ያ አንድ መግቢያ ቴስታታው ውስጥ ተከፍሎ ሁለት ሲሊንደሮችን ይመግባል። በማስገቢያ ቧንቧው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በኩል አየር ቢገባ ኖሮ ሦስተኛውና አራተኛው አብረው መታመም ነበረባቸው። ካርቡራቶሩ ቢሆን ደግሞ አራቱም አንድ ላይ ይታመሙ ነበር። አንድ ሲሊንደር ብቻውን ከታመመ የቀረው የግፊት ጉዳይ ነው።

አራቱንም ካንዴላዎች አውጥቼ፣ የቦቢናውን ሽቦ ነቅዬ፣ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ አስረግጬ ሞተሪኖውን አዞርኩ። መለኪያው ለአንደኛው 95፣ ለሁለተኛው 92፣ ለአራተኛው 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አሳየ፤ ለሦስተኛው 40 ብቻ። እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚጠቅም ማስታወሻ ላክል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ የተጻፈው የጨመቃ ቁጥር እዚህ አይገኝም። 95 ያየ ሰው ደንግጦ ሞተሩን ሊያስፈታ ይችላል፤ መመልከት ያለበት ግን አራቱ ቁጥሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው።

በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሬ ድጋሚ ለካሁ። የፒስቶኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር፤ እሱ ግን ከ40 አልተነቃነቀም። ስለዚህ የሚያፈስሰው ቫልቭ (የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ነው። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሼ መኪናውን እስኪሞቅ ድረስ ነዳሁትና እንደገና ለካሁ፤ ሦስተኛው 85 ሆነ። ሲቀዘቅዝ የሚያፈስስ፣ ሲሞቅ ግን የሚዘጋ ቫልቭ አገኘሁ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሞተር ሲሞቅ የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ግንድ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል የሚተወው ቀጭን ክፍተት) ይጠብባል ብሎ ያስባል። በዚህ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ሲሊንደሮቹና ቴስታታው በሙቀት ሲያድጉ ክፍተቱ ይሰፋል። ክፍተቱ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ መለካት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከመኪናው ሥር ተኝቼ፣ በግራ በኩል ያለውን የቫልቭ ክዳን የሚይዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍቼ ከፈትኩት። ዘይቱ ክንዴ ላይ ፈሰሰ፤ ይህን ሥራ ያለ አሮጌ ጨርቅ የሚጀምር ሰው ይጸጸታል። ፑሌጃውን (ሞተሩን የሚያዞረውን የቺንጋ መዘውር) በእጄ አዙሬ ሦስተኛውን ፒስቶን በጨመቃው ጫፍ ላይ አደረግኩትና የክፍተት መለኪያ ቅጠል ለማስገባት ሞከርኩ። መሆን የሚገባው 0.15 ሚሊሜትር ነበር፤ በጭስ ማውጫው ቫልቭ ላይ ግን 0.05 ቅጠል እንኳ አልገባም። ክፍተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቫልቩ ሲቀዘቅዝ በመቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም ነበር። ሌሎቹም ቢሆኑ 0.08 ገደማ ላይ ነበሩ።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ወደ ራሴ መለሰኝ። ጥቅምት ላይ «ሞተሩ ቲክ ቲክ ይላል፣ ድምፁን አጥፉልኝ» ብዬ ጋራዥ የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ «እስኪቀዘቅዝ መኪናውን ተወው» ሲባልም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እፈልገዋለሁ ያልኩት እኔው ነኝ። ሞተሩ ገና እያቃጠለ ሳለ ቫልቮቹ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ የተጠቀሙበት ቁጥርም ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው 0.10 ነበር። በሙቀት ላይ 0.10 የተደረገ ክፍተት ሲቀዘቅዝ ምን ያህል እንደሚቀር ማስላት አያስቸግርም። ድምፁ ጠፋልኝ፤ እኔም አመስግኜ ሄድኩ። የሚጮህ ቫልቭ ባለቤቱን ያስጨንቃል እንጂ ብዙም አይጎዳም። የጠበቀ ቫልቭ ግን አይጮህም፤ መቀመጫው ላይ ካላረፈ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ስለሌለው ዝም ብሎ ይቃጠላል።

ሦስተኛው ከሌሎቹ ለምን እንደባሰ ለመረዳት ሞተሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚገኘው በአየር ማከፋፈያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው፤ በመሆኑም ወደዚያ የሚወርደው አየር አስቀድሞ በዘይቱ የሞቀ ነው። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍሉ ክፍሎች) ላይ የሦስተኛውን እሳት በጥቂት ዲግሪ አዘግይተውታል። ቫልቩና መቀመጫው እዚያ ቀድሞ ስለሚበላ ክፍተቱም ቀድሞ ያልቃል።

ስምንቱንም ቫልቮች 0.15 ላይ አስተካከልኩ። ፑሌጃው ወደ ኋላ በግማሽ ዙር ሲዞር ተራው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ስለሚሆን፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2 የሚለውን የእሳት ቅደም ተከተል እያስታወሱ ከመምታታት ያድናል። የክዳኑን ጓርኒሲዮን በአዲስ ተክቼ ሞተሩን በማግስቱ ጠዋት ሳስነሣው፣ ከመጀመሪያዋ ሰኮንድ ጀምሮ በአራቱም ሠራ፤ የሦስተኛው ግፊትም በቅዝቃዜ 86 ሆነ። ያ ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅም አብሮ ተመልሷል።

አንድ ስጋት ግን ቀርቶብኝ ነበር። ለወራት በእሳት የተለበለበ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግንዱ ተስቦ መርዘም ሊጀምር ይችላል፤ ከተሳበ ደግሞ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። የዚህ ምልክቱ የተስተካከለው ክፍተት እንደገና በፍጥነት መጥበቡ ነው። ስለዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ለካሁት፤ 0.15 ነበር። ከ1,500 በኋላ ስለካው 0.13 ሆኖ አገኘሁት፤ መልሼ 0.15 ላይ አደረግኩትና ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በክዳኑ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። የሚቀጥለው መለኪያ 3,000 ላይ ነው፤ ያን ጊዜም ጠብቦ ካገኘሁት ቴስታታውን አስፈታለሁ።