ጌታ ቤታችንን ያስቀረልን በዚህ መንገድ ነው

ለንደን ውስጥ ልጆቻችንን ያሳደግንበትን ቤት አበዳሪው በፍርድ ቤት ሊረከብብን ጫፍ ከደረሰ በኋላ እግዚአብሔር በእጃችን አስቀርቶልናል፤ ስሙ የተባረከ ይሁን። የጸሎታችን መልስ የመጣው ብዙ ወገኖቻችን መኖሩን እንኳ በማያውቁት፣ አንድ ሳንቲም በማያስከፍል የዕዳ ምክር አገልግሎት በኩል ስለሆነ፣ ምስክርነቴን የምሰጠው በዚሁ ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው እንዲሰማው ብዬ ጭምር ነው።

ጭንቁ የጀመረው በ2023 ነው። የቤት ብድራችን ወለድ ሳይለወጥ የሚቆይበት ዘመን ያበቃው፣ እስከ ዲሴምበር 2021 ድረስ 0.1 በመቶ የነበረው የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ደረጃ በደረጃ አድጎ በኦገስት 2023 5.25 በመቶ በደረሰበት ወቅት ነበር። የወር ክፍያችን ባሻቀበበት በዚያው ሰሞን ባለቤቴ በወገብ ሕመም ምክንያት የአውቶቡስ ሹፌርነቱን ለማቆም ተገደደ። በአረጋውያን መንከባከቢያ የማገኘው ደመወዝ ከእጅ ወደ አፍ ሆነ፤ ውዝፉ እየተጠራቀመ ሄደ፤ ባልከፈልን ቁጥር «ቤትዎን ሊያጡ ይችላሉ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰን ጀመር። ወደ አበዳሪው ስንደውል ስልኩን የሚያነሣው ሰው ሁልጊዜ ሌላ ስለሆነ፣ ችግራችንን በየጊዜው ከሀ ጀምሮ ማስረዳት ነበረብን።

ጾም ጸሎት ያዝን። አንድ ምሽት ከጸሎት በኋላ፣ ከዓመታት በፊት በዚያው እሳት ውስጥ ያለፈች እህት እጄን ይዛ፣ «እህቴ፣ ጸሎቱን አንተውም፤ ነገ ጠዋት ግን አብረን ስልክ እንደውላለን» አለችኝ። የደወልነው ስቴፕቼንጅ ወደሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ቁጥሩ 0800 138 1111 ነው። ናሽናል ዴትላይን (0808 808 4000) እና ሲቲዝንስ አድቫይስም ይህንኑ ምክር በነጻ ይሰጣሉ።

አማካሪዋ ገቢያችንንና ወጪያችንን አንድ በአንድ ጠየቀችን፦ የአስቤዛውን፣ የመብራቱን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ምሳ፣ ደሴ ላሉት አማቴ በየወሩ የምንልከውን፣ አስራታችንን ሳይቀር። በአንዱም አልገሠጸችንም፤ ሁሉንም መዝግባ የትኛው ለጊዜው ሊቀንስ እንደሚችል ከእኛ ጋር ተመካከረች። ዕቁብ እንደምጥል ስነግራት ግራ ገብቷት እንዳስረዳት ለመነችኝ። ተራዬ የሚደርሰው ብዙ ወራት ቆይቶ እንደሆነ ስነግራት፣ «ቀደም ብሎ ሊሰጥሽ ይችላል?» አለችኝ። በዚያች ቅጽበት በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 የተጻፈችው መበለት ትዝ አለችኝ፤ ባለ ገንዘቡ ልጆቿን ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ነቢዩ ኤልሳዕ የጠየቃት በቤቷ ምን እንዳላት ነበር። የዕቁቡን ዳኛ አነጋገርኩ፤ አባላቱም ማንም ሳይቃወም ተራውን ለቀቁልኝ። ጌታ የእነርሱን ቤት ይባርክ።

አማካሪዋ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባለውን ከለላም አስመዘገበችልን። ይህ ከሜይ 2021 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራ ሕግ ሲሆን፣ ለ60 ቀናት በተመዘገበው ዕዳ ላይ ወለድና ቅጣት እንዳይታከል፣ ባለ ገንዘቦችም እንዳያስጨንቁ ያደርጋል። የተጠራቀመው የቤት ውዝፍ በከለላው ውስጥ ይገባል፤ የየወሩ መደበኛ ክፍያ ግን አይቆምም፤ ይህን ሳያውቁ ወሩን የሚዘሉ ሰዎች ከለላውን ሊያጡ ይችላሉ። ሰው በራሱ ማመልከት ስለማይችልም የግድ በአማካሪ በኩል ማለፍ አለበት።

ከለላው ሲያበቃ አበዳሪው ክስ መሠረተ። በሕይወቴ ፍርድ ቤት ረግጬ አላውቅምና ጉልበቴ ከዳኝ። ከክሱ ጋር የመጣውን የመልስ ቅጽ (ኤን11ኤም ይባላል) ሞልተን የገቢና የወጪውን ዝርዝር አያይዘን ላክን። በቀጠሮው ቀን በኮሪደሩ ላይ አንዲት የሕግ ባለሙያ ጠበቀችን። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ቤቱን ሊያጣ የተቃረበ ሰው ሁሉ፣ ገቢው ምንም ያህል ቢሆን፣ ነጻ የሕግ ምክር እንዲሁም በችሎት ቀን የሚቆምለት ባለሙያ የማግኘት መብት አለው። ዕቁቡ የገባበትን የባንክ ወረቀት አይታ ፊቷ በራ። ዳኛው፣ በ1970 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ተበዳሪው ውዝፉን በተገቢ ጊዜ ውስጥ መክፈል የሚችል ከሆነ ርክክቡን ማገድ እንደሚችሉ አስረድታን ገባን። ዳኛው ዝርዝሩን አነበቡ፤ ከዕቁቡ ብር ከፊል ውዝፍ መከፈሉን አዩ፤ መደበኛውን ክፍያና በየወሩ ጥቂት ተጨማሪ እስከከፈልን ድረስ የርክክቡ ትዕዛዝ ታግዶ እንዲቆይ ወሰኑ። ስንወጣ ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ እኔ ቆሜ አመሰገንኩ።

በዚያ የጭንቅ ወራት ገንዘብ ከከፈላችሁን ዕዳችሁን እናጠፋለን የሚሉና ቤቱን ለእኛ ሸጣችሁ ተከራይታችሁ ኑሩ የሚሉ ሰዎችም ደውለውልን ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ሰው ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት ከላይ ወደጠቀስኳቸው ቁጥሮች እንዲደውል አጥብቄ እለምናለሁ። እንግሊዝኛው የሚከብደውም የሚያምነውን ሰው አጠገቡ ያስቀምጥ፤ እኔም በእህቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው የደወልኩት።

አሁን ባለቤቴ በሳምንት ጥቂት ቀናት መሥራት ጀምሯል፤ ክፍያውም አንድም ወር አልተዛነፈም። በኅብረታችን ካሉት መካከል አንድ ቤተሰብ የፍርድ ቤት አስፈጻሚዎች ቤቱን የሚረከቡበት ቀን ተቆርጦበታል። በዚህ ደረጃም ቢሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ኤን244 በተባለው ቅጽ ርክክቡ እንዲታገድ ማመልከት ስለሚቻል፣ ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቅጹን አብረን ሞልተናል። ቀጠሮ እየጠበቁ ነውና በጸሎታችሁ አስቡልን።