ዶቃው ዛሬ መርሳ ገባ

ታኅሣሥ 14፣ ማታ። ደብረ ብርሃን።

ዛሬ እኔ 8,412 እርምጃ፣ እማዬ 6,130፣ ልጄ 5,296። በኪሎ ሜትር ሲሰላ 13 ገደማ ነው። ልጄ ካርቶን ላይ በሣለችው የላሊበላ መንገድ የዘረጋችውን ክር ወጠር አድርጋ ዶቃውን በጣቷ ገፋችው። መርሳ ገባን።

ሳልረሳው ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ክረምቱ እንደወጣ ራሴን ሲያመኝ ሰንብቶ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ግፊትህ ከፍ ብሏል አለኝ። ጨው ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነው። ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ ብሎ ሸኘኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። ሁለት ሳምንት ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ ሮጥኩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ለጀማሪ ትንፋሽ ያሳጥራል። የጠዋቱ ብርድ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ጋቢዬን ተከናንቤ ቀረሁ። «ለጤናህ ነው» የሚለው ቃል ከሞቀ አልጋ ሊያስነሣኝ አልቻለም።

ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ዋዜማው ላይ ቡና እየጠጣን እማዬ፣ «ዘንድሮም ላሊበላን ሳላይ ገና ሊደርስ ነው» አለች። በየዓመቱ ትለዋለች። ልጄ ግን 11 ዓመቷ ነው፤ የተባለውን ሁሉ እውነት አድርጋ ነው የምትይዘው። «ለምን በእግራችን አንሄድም?» አለች። ስልኬ እርምጃ እንደሚቆጥር አይታለች። በማግስቱ አንድ ካርቶን ቀደደች። መንገዱን በእርሳስ ሣለችበት፦ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ። በመንገዱ ላይ ቀይ ክር ዘረጋች። ክሩ ላይ ከአያቷ የተሰጣትን ሰማያዊ ዶቃ ሰካች። ከዚህ እስከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሦስታችን የቀን እርምጃ ተደምሮ ዶቃውን ይገፋዋል። ታኅሣሥ 29 ላሊበላ መግባት አለበት።

እማዬ አሮጌውን ስልኬን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ትዞራለች። ልጄ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አላት። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል መራመዱን ለእኛ ትታ ዳኛ ሆነች። ማታ ማታ ደብተር ይዛ ትመዘግባለች።

ዳኛ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጄ ቴሌቪዥን እያየች እጇን ስታወዛውዝ ተያዘች። ከሶፋው ሳትነሣ 600 እርምጃ ሞልታለች። መሣሪያው እግር አያይም፤ የሚያየው ንቅናቄን ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ መለኪያ ወዲህ ወዲያ የሚለውን ምት ይዛ «ይህ እርምጃ ነው» ትላለች። ባለቤቴ 600ውን ሰረዘች። ልጄ አኮረፈች። እማዬ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብላ አሳቀቻት።

ግን ልጄም ነቃች። አያቷ ቡና ስትወቅጥ አጠገቧ ተቀምጣ ስልኩን ታያለች። ዘነዘናው ወረድ ወጣ ሲል ቁጥሩም ይጨምራል። «ይኸው! እሷም እያወዛወዘች ነው!» ክርክር ተነሣ። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና ፈረደች፤ ቡና መውቀጥ ሥራ ነው፣ ይቆጠራል። ትክክል ፈርዳለች ብዬ አምናለሁ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈጭ፣ ስትቀዳ፣ ስትሸከም ማንም ቆጥሮላት አያውቅም። አሁን ማታ ማታ የልጅ ልጇ ቁጥሯን ጮክ ብላ ታነባለች። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ታዳምጣለች። ያን ፊቷን ማየት እወዳለሁ።

ስልኩ ግብህ 10,000 ነው ብሎ ነው የተቀበለኝ። ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ የእርምጃ መቁጠሪያ ሠርቶ ለገበያ አወጣ። «ማንፖ ኬ» ይባላል፤ የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ጊዜው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት ነው፤ አገሩ በስፖርት ወሬ ሞቋል። በዚያ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው ማን ነው? የሸዋው፣ የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላ! በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ይህን ለቤተሰቡ ሳነብላቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ቁጥሩ ራሱ ግን ከምርምር የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ 15 ጥናቶችንና 47 ሺህ ገደማ ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ሥራ የተሻለ ነገር ይላል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ጥቅሙ በቀን ከ6,000 እስከ 8,000 እርምጃ አካባቢ ይረጋል። ከዚያ በታች ላለነው ከ8,000 እስከ 10,000። ስለዚህ እማዬን ከ6,000 በላይ አናስጨንቃትም። እሷ ግን ቅዳሴ ደርሳ ስትመለስ ብዙ ጊዜ አልፋው ትገባለች።

ዶቃው ጣርማ በር በደረሰ ሳምንት ቅዳሜ፣ እኛም በእውን እንሂድ ተባለ። ሚኒባስ ይዘን ወጣን። ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ ወዲህ ወርደን በገደሉ አፋፍ በእግራችን ሄድን። ጉም ከታች ይወጣል፣ ይገለጣል፣ እንደገና ይዘጋል። ሲገለጥ የደብረ ሲና ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሥር ያብለጨልጫሉ። ጭላዳዎች ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ይነጫሉ። አንዱ ወንድ ጎፈሩን ነፋሱ ሲበትንበት ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። ልጄ ጨዋታ ጨመረች፤ ጭላዳ ያየ፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ትልቅ ቁራ ያየ፣ ፎቶ አንሥቶ ነጥብ ያገኛል። ቁራውን ፍለጋ ዳገት ወጣን ወረድን። ማንም ደከመኝ አላለም። የዚያን ቀን እኔ ብቻዬን 14,000 አለፍኩ።

ከዚያ የተበላሸው እኔ ጋ ነው። አፑ ግብ የሞላበትን ቀን በተከታታይ ይቆጥራል፤ አንድ ቀን ከጎደለ ወደ ዜሮ ይመልሳል። እኔ 19 ቀን ደርሼ ነበር። ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ጉልበቴ አበጠ። ማታ አምስት ሰዓት ላይ 800 እርምጃ ጎደለኝ። ውርጩ በወረደበት ግቢ ውስጥ እያነከስኩ ከበር እስከ አጥር እመላለሳለሁ። ቁጥሩን እንጂ እግሬን አላሰብኩም። እማዬ በሩን ከፍታ አየችኝ።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«800 ቀርቶኛል።»

«መንገደኛ ሲመሽበት ያድራል» አለች። «ግባ። ነገ እኛ እንሄድልሃለን።»

ገባሁ። 19ኙ ቀን ጠፋ። ለሦስት ቀን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ዶቃው ግን አልቆመም። ልጄ ከትምህርት ቤት በረጅሙ መንገድ ዞራ መጣች። እማዬ ጎረቤት ጠያቂ ሆና ሰፈሩን አዳረሰች። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ ደብተሯን ገልጣ፣ «ተሸክመውህ ደሴ ሊገቡ ነው» አለችኝ። እንባዬ መጣ። የስልኩ ቆጠራ እኔን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በጎደልኩ ቀን ይቀጣኛል። የካርቶኑ መንገድ ላይ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዘዋል። ያን የተከታታይ ቀን ማሳሰቢያ በዚያው ማታ አጠፋሁት። በሳምንት አንድ ቀን ማረፍም ሕግ ሆነ።

ትናንት ግፊቴን ተለካሁ። ካለፈው ቀንሷል፤ መድኃኒቱም አለበት፣ ጨዉም አለበት፣ እግሬም አለበት። ሐኪሙ ቀጥል አለኝ።

ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይቀረናል፤ 15 ቀን። ከሁሉም ዳገቱ ከወልዲያ ወዲያ ነው ይላል ካርታው። ካርቶኑ ላይ ዳገት የለም፤ ልጄ ግን እዚያ ስንደርስ ደረጃ መውጣት እጥፍ ይቆጠር ብላለች። ገና አልተፈረደም።

እማዬ ልትተኛ ስትል መነጽሯን አድርጋ ካርቶኑ ፊት ቆመች። ዶቃውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ነገ የት ነው የምናድረው?»

«ወልዲያ አቅራቢያ» አለች ልጄ።

«ያውም ብርድ ነው። ጋቢ እንያዝ።»