ዝግ ነው

ሰሞኑን ሰው አስጠልቶኛል። ማንም ምንም አላደረገኝም፤ እንዲሁ ነው። በር ሲንኳኳ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። እትዬ ትናንት ቡና ላይ ፊቴን አይተው፣ "አንተ ልጅ፣ አሁን ተራራ ሄደህ አየር ቀይረህ አልመጣህም እንዴ? ምን ያኮሳትርሃል?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጓደኞቼ ከነ መ. ጋር መንዝ ነበርን፣ ጓሳ የሚባለው ተራራ ላይ። በክረምት ማን ተራራ ይወጣል የሚል ካለ አልከራከረውም። ግን ከመሃላችን አስተማሪዎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ከክረምት ውጪ እረፍት የላቸውም። ስለዚህ ሌላው ፀሐይ ጠብቆ ተራራ ሲወጣ እኛ ጭቃ ጠብቀን እንወጣለን።

ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ መሐል ሜዳ ስንታጠፍ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ከዚያ ወዲያ ስለ ተፈጥሮ ውበት የማወራው ብዙ የለኝም፤ አላየሁትማ። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ይዘንባል፣ ይበርዳል፣ ደስ ሲለው በረዶ ይጥላል። መ. ውኃ አያስገባም ተብሎ በውድ የገዛው ጃኬት ገና ከመኪና ወርደን ሳንርቅ ውኃ አስገባ።

ያስጎበኙን ሰውዬ ግን ገሳ ለብሰዋል። እዚያው ከሚበቅለው የጓሳ ሣር የተሠራ ነው። ዝናቡ ከትከሻቸው ጀምሮ በሣሩ ላይ ይንሸራተትና ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ውስጣቸው ደረቅ ነው። የመ.ን ጃኬት በሁለት ጣት ዳሰስ አድርገው "ስንት ገዛኸው ልጄ?" አሉት። አልነገራቸውም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከፊታችን ተበትነው ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ረጥቦ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል፣ ሥራ ግን አላቆሙም። ሣሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየመረጡ ቀጨት ቀጨት ያደርጋሉ፤ እጃቸው ሲሞላ ወደ አፍ ይልካሉ። ቀና ብሎ ያየን የለም። ቀይ ቀበሮ ግን አላጋጠመንም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 እንኳ አይሞሉም፣ ያሉትም እኛው አገር ብቻ ነው። በዚያ ዝናብ ለኛ ሲል ማን ይወጣል?

ሰውዬው እንደዋዛ አንድ ነገር የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። "ድሮ ቢሆን እኮ በዚህ ወር እዚህ አትገኙም ነበር" አሉ። "ዝግ ነው።"

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ "ዝግ ነው" አልለቅ ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓሳን አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ተካፈሉት፣ ድንበሩም የተለየው በፈረስ ግልቢያ ነው ይባላል። ዘሮቻቸው ወደ 400 ዓመት ገደማ በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ በደንብ እንዲያድግ አንዳንዴ 3፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። አለቃ ይመርጣሉ፣ ጥበቃውን ይካፈላሉ፣ ተደብቆ የገባ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ለቤት ክዳኑም፣ ለገመዱም፣ ለገሳውም ሁሉም ገብቶ ያጭዳል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣ ነበር። ሥርዓቱን ያናጋው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ቦታውን ዛሬም የሚጠብቀው ያው የአካባቢው ሕዝብ ነው፣ በሌላ ደንብ።

እኛ እንግዲህ ተራራው እፎይ በሚልበት ወር ነው ቦት ጫማችንን አጥልቀን ሰተት ብለን የገባነው። ለመዝናናት።

ግን እሱም አይደለም የያዘኝ። የያዘኝ፣ እኔንስ የሚዘጋኝ ማን ነው የሚለው ነው። 3 ዓመት። በክብር። "የት ጠፋህ?" ሲሉኝ "ዝግ ነኝ" እላለሁ። "መቼ ነው የምትከፈተው?" "ሣሩ ሲደርስ።" ሠርግ የለ፣ ዕቁብ የለ፣ "አንዴ ላስቸግርህ" የለ። ደጄ ላይ ጋቢ የለበሰ አንድ የመንዝ ሰው በተራ ይቆምልኛል። እትዬን እንኳ ለቡና ካልሆነ አያሳልፍም። ለቡና ያሳልፍ፤ እሱን አልከለክልም።

ማታ ማታ ግን ሐሳቡ ይበላሽብኛል። ጓሳን አንድ ሰው ተነስቶ "ደክሞኛል" ብሎ አልዘጋውም። ተሰብስበው፣ ተመካክረው ነው። የዘጉትም ስላስጠላቸው አይደለም፤ ሣሩ ስለሚያስፈልጋቸው ነው እንጂ። የሚከፈትበትንም ቀን ሁሉም ይጠብቀዋል። እኔ ብዘጋ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቀኝ አለ? ደግሞስ የኔው ነገር መዝጋት ነው ወይስ እንዲሁ ኩርፊያ? ኩርፊያ ከሆነ ሣር አያበቅልም። ሳስበው ኩርፊያ ያበቀለው ነገር ትዝ አይለኝም፤ አክስቴ ከወንድሟ ጋር ተኳርፋ ስንት ክረምት አለፈ፣ ያተረፉት ነገር ቢኖር ለቅሶ ቤት ጀርባ ተሰጣጥቶ መቀመጥ ነው።

ያም ሆኖ አላስቻለኝም። ትናንት ለሊት የጓደኞቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። ስለ አስቦና ጌራ፣ ስለ ሐምሌ 5፣ ስለ እረፍት ጥቅም። መጨረሻው ላይ "እስቲ እኛም ይሄን ግሩፕ ለተወሰነ ጊዜ እንዝጋውና እንናፈቅ" ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

የሳቅ ስቲከር ዘነበ። ከዚያ መ. አንዲት መስመር ላከ። "የመኪናውን ድርሻህን ሳትከፍል ነው የምትዘጋው?"

3 ዓመት ብንዘጋ ዕዳውም አብሮ ያድግ ይሆን?