በገና ዋዜማ የተጠመቅሁት

የሰፈሬ ሰው ባለፈው የገና ዋዜማ ከእኔ ላይ ጋኔን እንደ ወጣ በሙሉ ልቡ ያምናል። ማስተባበሉን ትቼዋለሁ፤ ባስተባበልሁ ቁጥር «ገና አልለቀቀውም» የሚል ወሬ ስለሚከተለኝ ዝምታን መርጫለሁ።

መርሐ ግብሩን ያዘጋጁት የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ነበሩ። በታኅሣሥ ማታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነችው ደብረ ብርሃን፣ ቅጽር ግቢ ውስጥ ቆሞ መዝሙር ማድመጥ ራሱን የቻለ ተጋድሎ ነው። መብራቱ ጠፋ፤ ጧፉ ከእጅ ወደ እጅ ተለኮሰ፤ ከበሮው ዝም ብሎ በገና ደርዳሪው ብቻውን ቀረ። በገና ደግሞ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ የሚያሳፍር ዜማ ነው።

ስለ ጧፉ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጧፍ ማለት የጥጥ ፈትል በንብ ሰም ተነክሮ የሚሠራ፣ ቀጥ ብሎ የሚነድ ነገር ነበር። ያን ማታ የታደለን ግን ንብ ያላየችው፣ ገና ሲለኮስ ወገቡ የሚላላና ወደ ጎረቤት የሚዘነበል ነው፤ ዋጋው ብቻ አልተዘነበለም። ከኋላዬ የቆሙት ጎረቤታችን የያዙትም ተዘነበለና ጋቢዬ ላይ አረፈ።

«ኧረ ልጁ ነደደ!» ሲሉ ሰማሁና እኔም «ተቃጠልኩ!» ብዬ ጮኽሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ስፍራ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ከተማ እንደ ቆረቆሩ ይነገራል፤ በእኔ ጀርባ ላይ ብርሃን በታየ ጊዜ ግን የተከተለው ጀሪካን ነው። ወደ ቤቱ ጠበል ሊወስድ የመጣ አንድ ጎረምሳ የያዘውን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር፣ ከማጅራቴ ጀምሮ አወረደው። እሳቱ የበላው ቀዳዳ ምስር አያሳልፍም፤ ውኃው ግን ካልሲዬ ድረስ ደረሰ። በዚያ ውርጭ የወጣኝን ድምፅ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

ከሩቅ የቆመው ሕዝብ በጨለማ የሰማው እንግዲህ ይህን ነው፤ «ተቃጠልኩ» የሚል ጩኸት፣ የጠበል ድምፅ፣ ከዚያም ሰው የማይመስል ጩኸት። መቋሚያ የያዙ አንድ አባት ሕዝቡን ከፍለው መጡና «ከየት ያዝኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የተቃጠለውን የጋቢዬን ጫፍ እያገላበጥሁ ስለ ነበር የጠየቁኝ ስለ ጋቢው መስሎኝ «ከእናቴ» አልኋቸው፤ ፈትላ ያሠራችልኝ እርሷ ነቻ! ሕዝቡ «እሰይ፣ ተናገረ!» አለ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወደ በሩ ለመሄድ ብሞክር ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ጨምድደው ስለ ያዙኝ፣ በቀረኝ ትንፋሽ «ልቀቁኝ፣ እወጣለሁ!» አልሁ።

እልልታው ከመዝሙሩ ሁሉ የበለጠ ነበር። በገና ደርዳሪው ሳይቀር ተነሥቶ አጨበጨበ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ የዶሮ ወጧን ማማሰያ እንደ ያዘች በሩ ላይ ቆማ «ከእኔ ነው ያዝሁት ያልኸው?» አለችኝ። በእናቷም በአባቷም ወገን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረችልኝ፤ ጋቢዋን ግን ገልጣ እንኳ አላየችውም።

በማግስቱ ባለ ጧፏ ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ይቅርታ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። እርሳቸው ግን የእናቴን እጅ ይዘው «እንኳን ለቀቀልሽ! ጧፉን ያስጠጋልኝ እርሱ ነው እኮ» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ለከርሞ ተመልሶ እንዳይመጣብህ ጧፌን ደርቤ ከኋላህ እቆማለሁ» ሲሉ ቃል ገቡልኝ።