ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ

ኮምቦልቻ ውስጥ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ይሰጣል። ያም ሆኖ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥተው ደሴ፣ እኛ ጤና ጣቢያ ድረስ የሚመጡ ታካሚዎች አሉን። ምክንያቱን የኤ.አር.ቲ. (የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና) ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎረቤት በሚያያቸው ወረፋ ላይ መቆም አይፈልጉም።

አዲሱ ኃላፊያችን ታካሚዎች የሚመካከሩበት የቴሌግራም ቡድን ይከፈት አሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን ስልክ ቁጥሮቹን ከመዝገብ አስገለበጡና ቴሌግራም ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን አስገቡ። የቡድኑ ስም ደግሞ የጤና ጣቢያውን ስም ከነክፍሉ የያዘ ነው። እዚያ ውስጥ የተገኘ ሰው ምን እንዳለበት ማንም አይጠይቅም።

በማግስቱ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ደወለችልኝ።

«ሲስተር፣ አከራዬ እዚያ ውስጥ አለች። እሷም እኔን አይታኛለች።»

አንድ ግቢ እየኖሩ፣ ሁለቱም ተደብቀው ደሴ እየተመላለሱ፣ አንዷ የሌላዋን አታውቅም ነበር። አከራይዋም ምስጢሬ ይወጣል ብላ ሳትሰጋ አልቀረችም፤ ወሩ ሳያልቅ ቤቱን አስለቀቀቻት።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ፈቃዳቸውን ጠይቀዋል?»

«ቁጥሩን የሰጡን እኮ ራሳቸው ናቸው።»

«የሰጡን ቀጠሮ ሲያልፋቸው እንድንደውልላቸው ነው።»

«ሁሉም ያው አንድ ሕመም ነው ያለባቸው። ከማን ነው የሚደበቁት?»

ይህች ጥያቄ እስካሁን ታንገበግበኛለች። አንድ መድኃኒት መዋጥ ሰውን ዘመድ አያደርገውም። ለማን እንደምትናገር የምትመርጠው የምስጢሩ ባለቤት ናት፤ ለእህቷ ያልነገረችውን ለአከራይዋ የምንነግርላት እኛ ማን ነን? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦታል ብላቸው «እሱ ለባንክና ለቴሌ ነው» አሉኝ። አዋጁ ባይወጣስ ኖሮ? የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታችን ከቴሌግራምም ከአዋጁም በፊት የነበረ ነው።

ቡድኑ ተዘጋ። ቆይቶ እንደገና ሲከፈት የሚገባው በፈቃዱ የሚፈልግ ብቻ ሆነ፤ በቅጽል ስም፣ ስልክ ቁጥሩን ደብቆ። ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ግን እንዲያም ሆኖ ሊለያችሁ ይችላል ብለን አስቀድመን እንነግራቸዋለን። ይህን ሰምተው የሚተዉት አሉ፤ መብታቸው ነው።

ኃላፊው ቡድኑ ጠቅሟል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ሰው ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ሲል፣ ሌላው «እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መውሰድ ስጀምር ተሻለኝ» ብሎ በሌሊት መልሶለታል። በዚያ ሰዓት እኛ ቢሮ ማንም አይኖርም።

ያች የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ሕክምናዋ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወርላት ጠየቀች። ወረቀቱን ስጽፍላት ስልክ ቁጥሯን እንዳላሰፍር ለመነችኝ፤ ባዶውን ተውኩት። አሁን ቀጠሮ ቢያልፋት የሚደውልላት የለም።