የጀልባዋ ማሳ

የአጎቴ ጀልባ ባሕር ዳር ናት። ፋይበር ግላስ፣ ከኋላዋ አንድ የቤንዚን ሞተር፣ አንድ 12 ቮልት ባትሪ። ከከተማው ወደ ዘጌ ሰው ታመላልሳለች። ጥር መጨረሻ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ ተጨንቀው አገኘኋቸው። ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ እያቃሰተ ነው የሚሠራው። መብራት ሲበራ ጭራሽ ይደክማል። ክላክስ ሲነካ ደግሞ የቤንዚን ጌጁ መርፌ ይዘላል። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ወዳለው የዑራ ገዳም የሚሄዱ ምዕመናንን ሊጭኑ ቀጠሮ ይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል። ፓምፑ የማይታመን ጀልባ ላይ እናቶችና ሕፃናት መጫን አይታሰብም።

«ባትሪው ነው ብለውኝ ቀየርኩት፣ ልጄ። ያው ነው» አሉኝ።

እኔ የቤት ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ጀልባ ነክቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት ክዳኖቹን ሁሉ ከፍቶ ማናፈስ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባዋ ወለል ሥር ይተኛል። እዚያ ላይ አንዲት ብልጭታ ከበቂ በላይ ናት። ይህን ማንም እንዳይዘልለው እለምናለሁ።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። ቴስተሩን መስመር ካልተቆረጠ በሚጮኸው ድምፅ ላይ አድርጌ የፓምፑን ኔጌቲቭ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ነካካሁት። ጮኸ። «ማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ) ደህና ነው» ብዬ ግማሽ ቀን ፖዘቲቩን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ፊውዝ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁሉንም። ምንም።

የገባኝ ማታ ነው። ቴስተሩ የሚልከው ኢምንት ኤሌክትሪክ ነው፤ ለእሱ ከሽቦው ውስጥ አንድ ጤነኛ ክር ትበቃዋለች። ፓምፑ ግን ወደ 5 አምፔር ይፈልጋል። መንገዱ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ካለ 2.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ቴስተሩ ግማሽ ኦምንም ደህና ነው ብሎ ይጮሃል።

በማግስቱ ፓምፑን እያሠራሁ ለካሁ። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት። ፓምፑ ላይ 9.8። ቴስተሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፓምፑ ፖዘቲቭ ሳደርገው 0.3። ከፓምፑ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ፣ 2.4! ፈልጌ ያጣሁት ቮልት አብዛኛው መመለሻው መንገድ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሲነሳም ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ለካሁ፤ 0.3 ብቻ። ስለዚህ የሞተሩ ወፍራም ገመድ ንጹሕ ነው። ጣጣው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው ማለት ነው።

በባትሪ መብራት ገብቼ አየሁት። የፓምፑ፣ የመብራቱ፣ የክላክሱና የጌጁ ኔጌቲቮች አንድ ብሎን ሥር ታጭቀዋል። ብሎኑ የታሰረው ዳሽቦርዱን በያዘ የአልሙኒየም ቁራጭ ላይ ነው። ከዚያ አንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ባትሪው ትሄዳለች። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው የመኪና ሠራተኛ ነበር አሉኝ። ልማዱ ይገባኛል። መኪና ላይ ቦዲው ራሱ ማሳ ነው፤ ያገኘኸው ብረት ላይ ብታስር ይሠራልሃል። ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እያንዳንዱ አምፔር በሽቦ ሄዶ በሽቦ ነው የሚመለሰው። መዳብና አልሙኒየም ደግሞ እርጥበት ባለበት ከተነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል። ብሎኑን ስፈታው ነጭ ዱቄት ረገፈ። የቀጭኗ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል፤ አብዛኛው ክር ተበጥሷል።

የጌጁ ዝላይም መልስ አገኘ። ክላክሱ ሲነካ ኤሌክትሪኩ በዚያች በታመመች ሽቦ ሲጨናነቅ የጌጁም ዜሮ አብሮ ከፍ ይላል። ጌጁ ምንም አልሆነም፤ ተሳስቶ ነው የሚያነበው።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ቀድሜ ፈታሁ። ቤት ፓነል ውስጥ ኒውትራል የሚሰበሰብበት ዓይነት የናስ ባር ደረቅ ቦታ ላይ ገጠምኩ። ከባትሪው እስከ ባሩ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ዘረጋሁ። አሮጌዎቹን ሽቦዎች ቀይ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆረጥኩ፤ አንዱን ከአንድ ስንዝር በላይ መቁረጥ ነበረብኝ፤ ጥቁረቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል። ለእያንዳንዱ የራሱን ቀለበትና የራሱን ብሎን ሰጠሁት። ጫፎቹን በሙቀት የሚኮማተር ጎማ አለበስኩ። ብሎኖቹን ካጠበቅኩ በኋላ ላያቸውን ቫዝሊን ቀባሁ።

ድጋሚ ስለካው መመለሻው ላይ 0.1 ቮልት ቀረ። ፓምፑ ድምፁ ተለወጠ። አጎቴ ክላክሱን ሦስት ጊዜ ነኩት፤ ዓይናቸው ጌጁ ላይ ነበር። መርፌው ንቅንቅ አላለም። የበዓሉ ዕለት ሲመለሱ ማዕበል ገጥሟቸው ፓምፑ እስከ ባሕር ዳር ሳያቋርጥ እንደሠራ በስልክ ነገሩኝ።

ፖዘቲቩ ላይ ያለው 0.3 ግን እንዳለ ነው። የፊውዝ ቤቱን እጠረጥራለሁ። ለፋሲካ ስመለስ እቀይረዋለሁ።