የሽናቤልን ሐመርክላቪየር እንዴት መስማት ቻልኩ

የቤትሆቨንን 32 የፒያኖ ሶናታዎች (በክፍል የተከፋፈሉ የፒያኖ ሥራዎች) ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ያስቀረጸው ፒያኒስቱ አርቱር ሽናቤል ነው። ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1935። ሰውየው መቀረጽ አይወድም ነበር፤ ለዓመታት እምቢ ሲል ኖሮ ነው የተስማማው። ሸክላዎቹም የተሸጡት ተመዝግበው አስቀድመው ለከፈሉ ሰዎች ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 106 ነው፣ «ሐመርክላቪየር» የሚሉት። ቤትሆቨን በ1818 የጨረሰው፣ ከ40 ደቂቃ በላይ የሚወስድ፣ ፒያኒስቶች ራሳቸው የሚፈሩት ሥራ ነው።

መፍትሔው ከመሃል መጀመር ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል እንግዳ አይቀበልማ! ቤትሆቨን ኖታው ላይ የጻፈው ፍጥነት በደቂቃ 138 የግማሽ ኖታ ምት ነው፤ እጅግ ፈጣን። አብዛኛው ፒያኒስት ይህን ቁጥር አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሽናቤል ግን ሊደርስበት ሞከረ። ጣቶቹ ይደነቃቀፋሉ፣ የተሳሳተ ቁልፍ ሲነካ በግልጽ ይሰማል፣ አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ ይድበሰበሳል። በዚያ ዘመን የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። የተበላሸችውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መለጠፍ የለም፤ ወይ ገጹን እንደ አዲስ መጫወት፣ ወይ እንዳለ መልቀቅ። አድናቂዎቹ «ድፍረቱን እዩለት» ይላሉ። ድፍረትስ አለው። እኔ ግን ይህን ክፍል ዛሬም ከሌላ ሰው ብሰማው እመርጣለሁ።

እኔ የጀመርኩበት ሦስተኛው ክፍል ግን ሌላ ነው። 18 ደቂቃ ገደማ የሚሄድ፣ ዝግ ያለ፣ የሐዘን ሙዚቃ። መግቢያው ላይ ወደ ላይ የሚራመዱ ሁለት ድምፆች አሉ። ቤትሆቨን እነዚህን የጨመራቸው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ለንደን ለነበረው ለቀድሞ ተማሪው ለፈርዲናንድ ሪስ ደብዳቤ ጽፎ «እነዚህን ሁለት ኖታዎች መጀመሪያው ላይ አስገባ» አለው። ሽናቤል ሁለቱን ሲነካቸው በር የሚከፍት ነው የሚመስለው። ትንሽ እንደሄደ ሙዚቃው ድንገት ከሐዘኑ ወጥቶ ብርሃን ወዳለበት ቅኝት ይገባል። ሁለት መስመር እንኳ አይሞላም፣ ወዲያው ይመለሳል። ሽናቤል እዚያ ቦታ ላይ አይጮህም፣ «ስሙልኝ» አይልም። ዝም ብሎ ያልፋል። እኔን የያዘኝ ይኸው ነው።

ችግሩ የሸክላው ሽሽታ ነው፣ ሲዞር የሚያሰማው «ሽሽሽ» የሚል ጫጫታ። ቤትሆቨን እዚህ ክፍል መጀመሪያ ላይ ለስላሳው ፔዳል እንዲረገጥ አዟል፤ ስለዚህ ፒያኖው በጣም ዝቅ ይላል፣ ሽሽታው ደግሞ አይቀንስም። ቅጂው በተለያዩ ሰዎች ከሸክላ ወደ ዲጂታል ተገልብጧል፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። ሽሽታው ሙልጭ ብሎ የጠፋበትን ስሰማ ፒያኖው ብርድ ልብስ የለበሰ መሰለኝ። ማጽጃው ከጩኸቱ ጋር የፒያኖውንም ጥራት አብሮ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጫጫታ ያለበትን መረጥኩ። በስልክ ስፒከር አይሞከርም፤ ደህና ኢርፎን አድርጋችሁ ድምፁን ከፍ ብታደርጉት ጆሮ ራሱ ቶሎ ሽሽታውን መስማት ይተዋል።

መጨረሻው ፉጋ ነው፣ ሦስት ድምፆች አንድ ዜማ እየተቀባበሉ የሚሳደዱበት። ኖታ አቀላጥፌ አላነብም፤ ግን ኖታው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አትሜ በእርሳስ ተከተልኩት። ዋናዋን ዜማ መያዝ ቀላል ነው፤ ትልቅ ዝላይ ወደ ላይ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ከዚያ ሩጫ። ብቅ ባለች ቁጥር ምልክት አደረግኩ። ቤትሆቨን አንድ ቦታ ላይ ዜማዋን ከጭራዋ ወደ ራሷ ያስኬዳታል። ወረቀቱን ባላይ በጆሮዬ ብቻ መቼም አላገኘውም ነበር።

ያጠራጠረኝን ቦታ ደግሞ ከፒያኒስቱ ከማውሪዚዮ ፖሊኒ የ1970ዎቹ ቅጂ ጋር አስተያየሁ። ሙሉውን አይደለም፣ ያችኑ ቦታ ብቻ። ፖሊኒ ዘንድ አንዲት ኖታ አትጠፋም፤ ፉጋውን የተረዳሁት ከእሱ ነው። ለዝግታው ክፍል ግን ወደ ሽናቤል እመለሳለሁ።

አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ በ106 አትጀምሩ። ኦፐስ 110 አለላችሁ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጨረሻው ላይም ፉጋ አለው።